እውነት ወይስ ተረት? «ከሐኪም ፊት እፍረት የለም»

«አይዞሽ፣ ከሐኪም ፊት እፍረት የለም።» ይህን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እናት ለልጇ፣ አስታማሚ ለታማሚው፣ ነርስ ለተራ ጠባቂው ይለዋል። ክፋት የለበትም፤ ለማጽናናት ነው። እኔም በፊዚዮቴራፒ ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ለብዙ ሰው ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን እንደ ጎረቤት ቁጭ ብለን እንድንነጋገርበት የፈለግሁት፣ ከእውነቱ ይልቅ ተረቱ ስለሚበዛበት ነው። እፍረት ከሐኪም ፊትም አለ። ሲከበር ምርመራው ይሰምራል፤ ሲናቅ ምርመራው ራሱ ይበላሻል።

አንድ ጊዜ አክስቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጠላቸውን ሳያጣፉ ከደጃፍ የማይወጡ ሴት ናቸው። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል፣ መጋረጃ የሌለው አልጋ ላይ አስተኟቸውና ቀሚሳቸውን እስከ ደረታቸው ሰበሰቡት። ነጠላቸው ወንበር ላይ ቀረ። ተማሪዎች ዙሪያቸውን ቆመዋል፤ ቀጥሎ ባለው አልጋ ጠርዝ ላይ የማያውቁት ሰው አስታማሚ ተቀምጧል። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲባሉ፣ ዐይናቸውን እንደጨፈኑ «ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፣ ተሽሎኛል» አሉ። ሦስት ሌሊት በሕመም እንቅልፍ ያላዩት እሳቸው! ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ክፉ ቃል ሳይነገርም ሰው እንዲህ ሊጎዳ እንደሚችል የገባኝ ያን ቀን ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?» ይሉኝ ይሆናል። ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ምሳሌው የሚናገረው ስለ አፍ ነው እንጂ ስለ ልብስ አይደለም። ሕመሙን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ የሚናገር ሰው ደግሞ መጀመሪያ ልቡ መረጋጋት አለበት። ገላው በሰው ፊት ተገልጦ የተኛ ሰው የሚያስበው ከዚያ አልጋ እንዴት ቶሎ እንደሚነሣ ነው። እኛ «ገመና» የምንለው ቃል የቤትን ምስጢርም የገላን ሽፋንም ይይዛል። ገላው ያለ አክብሮት ሲገለጥበት ምስጢሩን የሚዘጋ ታማሚ ብዙ ነው።

እንዲያውም የሐኪም ሁሉ ምልክት የሆነችው የአንገት ማዳመጫ የተገኘችው እፍረት ስለተከበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ በኔኬር ሆስፒታል ይሠራ ወደነበረው ሬኔ ላኤኔክ የልብ ሕመም ምልክት ያለባት ወጣት ሴት መጣች። በዚያ ዘመን ሐኪም የልብ ምት የሚያዳምጠው ጆሮውን ከታማሚው ደረት ላይ ለጥፎ ነበር። ላኤኔክ ግን በዕድሜዋና በሴትነቷ ምክንያት ይህን ማድረግ ነውር ሆኖ ታየው። ወረቀት ጠቀለለና አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። ድምፁ ጆሮ ተለጥፎ ከሚሰማው ይበልጥ ጥርት ብሎ መጣለት። እ.ኤ.አ. በ1819 ግኝቱን በመጽሐፍ አሳተመ። «ከሐኪም ፊት እፍረት የለም» ብሎ አልፏት ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቀን ያን ወረቀት የሚጠቀልልበት ምክንያት አልነበረውም።

ሰዎች «ሐኪም እየሸፋፈነ ከመረመረ የሚያመልጠው ነገር ይኖራል» ይላሉ። የሆድ ምርመራን እንውሰድ። ሆድ በትክክል የሚዳሰሰው ጡንቻው ሲላላ ነው። ለዚህም ታማሚው በጀርባው ይተኛል፣ ራሱ ሥር ትራስ ይደረጋል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ እጆቹ በጎኑ ይሆናሉ። አንሶላው ከታች እስከ ብሽሽት ይሸፍነዋል፤ ልብሱ ደግሞ ከደረቱ በታች ይሰበሰባል። የሚገለጠው ሆዱ ብቻ ነው። የበረደው ወይም ያፈረ ሰው ግን ሳያስበው ሆዱን ያጠነክራል። የጠነከረ ሆድ ደግሞ ሐኪሙ በጣም ከሚፈራቸው ምልክቶች አንዱ ነው፤ የሆድ ዕቃ መቆጣትን ሊያመለክት ይችላል። እንግዲህ ሐኪሙ የነካው ጥንካሬ ከበሽታ የመጣ ይሁን ከእፍረት በምን ይለየዋል? አንሶላዋ ያመለጠውን የምታስገኝ እንጂ የምታስመልጥ አይደለችም።

የደም ግፊት መለካትም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው «ክንድ እስከተገኘ ድረስ እንዴትም ቢቀመጡ ያው ነው» ብሎ ያምናል። አይደለም። ጀርባ መደገፍ፣ ሁለቱም እግር መሬት መንካት፣ እግር አለመጠላለፍ፣ ክንድ በልብ ትክክል በጠረጴዛ ላይ ማረፍ፣ ከልኬቱ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል በጸጥታ መቀመጥ፣ የመጣ ሽንትም ካለ ቀድሞ መሽናት ያስፈልጋል። መለኪያው የሚጠመጠመው በባዶ ክንድ ላይ ነው፤ በጃኬት እጅጌ ላይ አይደለም። የተንጠለጠለ ክንድ ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ያደርገዋል። በዚያ ቁጥር ደግሞ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ይታዘዛል።

እዚህ ላይ ተቃራኒውን ስህተትም ልንገርዎት፤ እሱም ተረት ነውና። «ማክበር ማለት አለመግለጥ ነው» የሚሉ አሉ። በሹራብ ላይ የሚያዳምጥ ሐኪም እያከበረ ይመስለዋል፤ የሚሰማው ግን የጨርቅ መፋተግ ነው። ማዳመጫ ቆዳ ይፈልጋል። የጡት ምርመራም ሁለቱን ጡት በአንድነት አይቶ ማነጻጸርን ይጠይቃል፤ እንዲህ ካልታዩ የሚያመልጥ ለውጥ አለ። ከማየቱ በኋላ ግን አንዱ ሲዳሰስ ሌላው ይሸፈናል። ሒጃብ ያደረገች እናት ጉልበቷን ለመመርመር ራሷን የምትገልጥበት ምክንያት የለም፤ አንገቷ ላይ ዕጢ ካለ ግን በጨዋ ንግግርና በተከለለ ቦታ መታየት አለበት። የባለሙያው ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መታየት ያለበትን ብቻ፣ በሚታይበት ጊዜ ብቻ፣ አስቀድሞ ተናግሮ መግለጥ።

«ሰው ነፍሱ ተይዞ እያለ ማን ስለ ልብስ ያስባል!» ይህ ደግሞ ጠንካራው መከራከሪያ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። በመኪና አደጋ ተጎድቶ የመጣ ሰው ልብሱ በመቀስ ተቀድዶ ሙሉ ገላው መታየት አለበት፤ ጀርባው ላይ ያለ ቁስል ሊሰወር ይችላል። ግን የአደጋ ሕክምና ሥርዓት ራሱ እዚያ ላይ አያቆምም፤ ከታየ በኋላ ወዲያው ይሸፈን፣ ይሙቅ ይላል። ምክንያቱም የቀዘቀዘ ሰው ደሙ በቶሎ አይረጋም፤ መድማቱ ይብስበታል። ብርድ ልብሱ የሕይወት አድኑ ሥራ አካል ነው።

በማደንዘዣ የተኛን ሰው በተመለከተ የምንሰማው «ተኝቶ ምን ያውቃል?» የሚለው ነው። አእምሮው አያውቅ ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን ሁሉንም ይመዘግባል። ሰመመን እንደተሰጠ የሰውነት ሙቀት በተለይ በመጀመሪያው ሰዓት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት የአንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 200 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። በሞቀ አየርና በሞቀ ፈሳሽ ሙቀታቸው ከተጠበቀላቸው መካከል ቁስሉ ያመረቀዘባቸው ከ100 ሰው 6 ያህል ነበሩ። ሳይሞቁ ከቀሩት መካከል ግን 19። ልዩነቱ በግምት ሁለት ዲግሪ ሙቀት ነው። አተኛኘቱም እንዲሁ ነው። ክንድ ከጎን ከ90 ዲግሪ በላይ ከተዘረጋ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደው የነርቭ ስብስብ ይወጠራል። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችው ትንሽ የአጥንት ጉብታ የእግር ማንጠልጠያው ብረት ላይ ካረፈች፣ አጠገቧ የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኖ ታማሚው ሲነቃ የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ማንሣት ሊያቅተው ይችላል። የነቃ ሰው «አመመኝ» ብሎ ይዞራል፤ የተኛው አይችልም። ስለዚህ ስለ እሱ የሚያስብለት ሌላ ሰው መኖር አለበት።

አሁን ወደ ወሊድ ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። «በሳይንሳዊ መንገድ የሚወለደው በጀርባ ተኝቶ፣ እግር ተሰቅሎ ነው፤ ተንበርክኮ መውለድ የድሮ ሰው ነገር ነው» ይባላል። ጤና ጣቢያ የወለዱ እህቶችም እንዲህ ያምናሉ፤ ሌላ አላዩማ። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ፣ የተለየ ሥጋት የሌለባት እናት ምጥ ላይ እንድትንቀሳቀስ፣ ቀና እንድትል መበረታታት አለባት፤ የምትወልድበትንም አኳኋን ራሷ ትምረጥ ይላል። መንበርከክ፣ ቁጢጥ ማለት፣ በጎን መተኛት ሁሉም ይፈቀዳል። አያቶቻችን ጎጆ ውስጥ ተንበርክከው የወለዱት ሳይንስ ስላልደረሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ሰውነታቸው እንዲህ ስላላቸው ነው።

ታዲያ በጀርባ መተኛቱ ከየት መጣ? በአውሮፓ አልጋ ላይ ተኝቶ መውለድን ካስፋፉት መካከል ፍራንሷ ሞሪሶ የተባለው ፈረንሳዊ የወሊድ ሐኪም ይጠቀሳል፤ መጽሐፉ የወጣው በ1668 እ.ኤ.አ. ነው። ለሚያዋልደው ሰው ይመቻል፤ ያያል፣ እጁን ያስገባል፣ መሣሪያ ይጠቀማል። ስፌት ወይም መሣሪያ ሲያስፈልግ ዛሬም ትክክለኛው አኳኋን እሱ ነው፤ ለዚያች ጊዜ። ለሰዓታት ምጥ ግን አይደለም። ከስድስተኛው ወር ወዲህ በጀርባዋ የተኛች ነፍሰ ጡር ማህፀኗ ከጀርባ አጥንቷ ጎን ያለውን ትልቁን የደም መልስ ሊጫነው ይችላል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፣ ያዞራታል፣ ላብ ላብ ይላታል፣ ለልጁ የሚደርሰውም ደም ይቀንሳል። ወደ ግራ ጎኗ ዘወር ስትል ይለቃታል። አንዲት እናት «በጀርባዬ ስተኛ ነፍሴ ልትወጣ ነው» ብትል እየተሞላቀቀች አይደለም።

ነገሩ ቁጥርም አለው። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የሚወለደው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ100 አሥር ያህል፣ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ነበር። ትልቅ ዕመርታ ነው። ቤት የቀሩት እናቶች ለምን ቀሩ ቢባል መንገዱ አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ የቤተሰብ ውሳኔ አለ። ግን እናቶችን ራሳቸውን ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ «እግሬን ሰቅለው፣ ሰው እየገባ እየወጣ…» የሚለውም ይመጣል። ገንፎና ቡና ጤና ጣቢያ ድረስ የገባው ሴትየዋ ከቤቷ እንዳልወጣች እንዲሰማት ተብሎ ነው። በእግሯ ላይ የምትጣል አንሶላ፣ የተዘጋ በርና «እንዴት ቢሆን ይሻልሻል?» የሚል ጥያቄም ከገንፎው ጋር አብረው መግባት አለባቸው።

ቤት ውስጥ ያለውን ታማሚ ስናስብ ደግሞ ተረቱ መልኩን ይቀይራል። «አትነካኩት፣ ይረፍበት።» ፍቅር ነው ይህን የሚያስብለው፤ ስትሮክ የመታውን አባት ሲያገላብጡት ማቃሰቱ ያሳዝናል። ነገር ግን መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው በአንድ ጎን ተኝቶ ሲውል አጥንቱ ከፍራሹ ጋር ቆዳውን እንደ ወፍጮ መጅ ይጫነዋል፤ ደም አያልፍም፤ ቆዳው ይሞታል። የአልጋ ቁስል የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከወገብ በታች በመቀመጫ አጥንት፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ ነው። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ አተኛኘቱን መለወጥ ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ በዳሌው ላይ አያስተኙት፤ ከጀርባው በኩል ትራስ አድርገው በከፊል ዘንበል ያድርጉት። በጉልበቶቹ መካከል ትራስ፣ ከባቱ ሥር ደግሞ ሌላ ትራስ ያድርጉና ተረከዙ አየር ላይ ይቅር። ወደ ላይ ሲያወጡት አይጎትቱት፤ ከሥሩ የታጠፈ አንሶላ አድርገው ሁለት ሰው ሆነው ያንሡት። መጎተት ቆዳን ይልጣል።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ትንንሽ ተረቶች አሉ። የቀላውን ቦታ ማሸት ደሙን ይመልሳል ይባላል፤ አይመልስም፣ ከሥሩ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስ ይረዳል ይባላል፤ ዙሪያውን ተጭኖ ደም ስለሚያግድ አይመከርም። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። «ቆዳው ከቀላ ይታያል» የሚባለው ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። እጅዎን ያሳርፉበት፤ ከአካባቢው የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም የላላ፣ ጠቆር ያለ ቦታ ካገኙ ከዚያ ጎን ያንሡት።

ስትሮክ የመታውን ሰው በደከመው ክንዱ ይዞ መጎተትንም እባክዎ ይተዉት። ትከሻውን አቅፈው የያዙት ጡንቻዎች ናቸው፤ እነሱ ሲዝሉ መገጣጠሚያው በቀላሉ ይወልቃል። ያ ሕመም ደግሞ ከስትሮኩ ይልቅ ረጅም ጊዜ ሲያሠቃይ አይቻለሁ። ጉልበቱ የተጎዳ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰውም ከጉልበቱ ሥር ትራስ ሲደረግለት ደስ ይለዋል። ለሳምንታት እንዲህ ከቆየ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ቀጥ ለማድረግ እኔ ጋ መጥቶ የሚያለቅሰው በኋላ ነው። እዚህ ላይ ምቾትና ደኅንነት ተለያዩ፤ ስለዚህ ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር ትራሱ ከቁርጭምጭሚት ሥር እንጂ ከጉልበት ሥር አይሁን።

ገላ ሲያጥቡትም ሁሉን አውልቀው አይጀምሩ። እጁን ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ ይሸፍኑ፤ ከዚያ ሌላውን። በሩ ይዘጋ። ልጅ አባቱን ማጠብ ካለበት «አባዬ፣ አሁን ጀርባዎን ላጥብ ነው» ብሎ ይንገር፤ መናገር ያቃተው ሰውም ይሰማልና። «እፍረት የሴት ነው» የሚሉም ተሳስተዋል። ሴቶች ነጠላቸውን ጠበቅ ሲያደርጉ እናያለን፤ ሽማግሌ ወንድ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ስለሚል አናየውም።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ተረቱ ለምን አይሞትም? እኔ እንደማየው መጋረጃ የሌለው ክፍል ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ሊያደርገው ያልቻለውን ነገር «አያስፈልግም» ብሎ ማመን ይቀለዋል። ተራው ረጅም ነው፤ አንሶላ ለመጣል ያለው ደቂቃ ብዙ ይመስላል። ታካሚው በበኩሉ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ዶክተሩን «እባክዎ ይሸፍኑኝ» ማለት ድፍረት ሆኖ ይታየዋል፤ ዝምታው ደግሞ «አልከፋቸውም» ተብሎ ይተረጎማል። መንግሥት በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤና ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ያደረገው ችግሩ ስላለ ነው። ነገር ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በጀት አይጠብቅም። ነጠላ ከቤት ይዘውት የመጡት ነው። «ሆድዎን ላይ ነው፣ ይፈቅዱልኛል?» የሚለው ዐረፍተ ነገር አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። እርስዎም አስታማሚ ሆነው ሲሄዱ ጋቢ ይያዙ፤ «ዶክተር፣ ይህን ከታች ላድርግላቸው?» ብለው ይጠይቁ። የሚቆጣ ባለሙያ የሚያጋጥምዎት ከሚገምቱት በላይ ጥቂት ነው።

አክስቴ እዚያው ክፍል ባደሩ በሁለተኛው ቀን ማታ አንዲት ወጣት ነርስ ተረኛ ሆና መጣች። መጋረጃው ያው የለም። አስታማሚዎቹን ለአፍታ ውጡልኝ አለች፤ እኔንና አንዲት ሴትን ጋቢ አስይዛ አስዘረጋችን። «እማማ፣ ሆድዎን ልዳስስልዎት ነው። ነጠላዎ ከላይዎ ላይ ይሁን፣ እኔ ከሥር እገባለሁ። ጉልበትዎን ትንሽ ይጠፉልኝ» አለችና መዳፎቿን አፋትጋ አሞቀቻቸው። አክስቴ ዐይናቸውን ገለጡ። እጇን ይዘው በቀኝ በኩል ከጎድናቸው ሥር አሳረፉት። «እዚህ ጋ ነው ልጄ» አሉ፣ «ከበላሁ በኋላ ይብስብኛል፤ ወደ ትከሻዬም ይወጣል።»